ፌስታሉን አንኮሻኩሺው!

ቡችላ ፎቶ ማንሳት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ካሜራውን አንድ ሰው ይይዛል። ቡችላውን የሚጠራ፣ ሲያመልጥ የሚይዝ፣ እናቱን የሚያባብል ሌላ ሰው ግን የግድ ያስፈልጋል። ጥቅምት ከገባ ወዲህ እሁድ እሁድ ጠዋት ጣና ዳር እየወረድን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሽምብጥ በኩል ካለ አንድ ግቢ ነው። የግቢው ጥበቃ፣ ጋሼ፣ ውሻቸው ወለደችላቸው። የውሻዋ ስም «እንተያያለን» ነው። ለማን ተብሎ እንደወጣ አልጠየቅኩም። ድሮ ውሻ ስም የሚወጣለት ጎረቤት ይስማ ተብሎም ነበርና፣ መጠየቁ ደስ አይልም። ጋሼ «እንተያያለን! ነይ!» ብለው ሲጣሩ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ደንገጥ ብሎ ይዞራል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የተማረች ጓደኛ አለችኝ። ሕግ የምታወጣው እሷ ናት። ከእናታቸው ዓይን አናርቃቸውም። ሲደክማቸው እንተዋቸዋለን። ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ሰውን የሚለምድበት ነው፤ አሁን በደንብ የተያዘ ቡችላ አድጎም ሰው አይፈራም ትላለች። ከካሜራዬ ቦርሳ አጠገብ ሁልጊዜ ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውሃ ታስቀምጣለች። የቡችላ ጥርስ መርፌ ነው፤ ሲጫወትም ቆዳ ይበሳል። በእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ቀልድ የለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብና በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። «ትንሽ ናት፣ ምንም አይደል» ብሎ ነገር እሷ ዘንድ አይሠራም።

ባጃጅ የሚነዳው አብሮ አደጌ ሥራው ድምፅ ነው። እንደ በግ ይጮኻል። እውነት እላችኋለሁ፣ በግ ራሱ ይሳሳታል! በመጀመሪያው «ማእ» ቡችሎቹ ሁሉ ጆሯቸውን አቁመው አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ያቺ ቅጽበት ናት የምትፈለገው። ሲደጋገም ግን ይሰለቻቸዋል፣ ዞር ብለውም አያዩትም። ያኔ ወደ ሐኪሟ ዞሬ «ፌስታሉን አንኮሻኩሺው!» እላለሁ። ቦታዋ ከትከሻዬ በላይ፣ ልክ ከኋላዬ ነው። ጎኔ ከቆመች ቡችላው የሚያየው እሷን እንጂ ሌንሱን አይደለም።

እኔ በሆዴ ተኝቻለሁ። ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ፍጡር ቆሞ የሚያነሳ ሰው የሚያገኘው ጀርባና ጅራት ብቻ ነው። ፎከሱ ዓይኑ ላይ። ሹተሩ፣ ማለትም የካሜራው በር ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት፣ ለሚሮጥ ውሻ 1/1000 ሴኮንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ቢሆን ይመረጣል። ፍላሽ አልወድም። ቡችላው ይደነግጣል፣ ዓይኑም አብረቅርቆ ይወጣል። በውሻ ዓይን ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለ፤ ማታ በባጃጅ መብራት የሚያብረቀርቀውም እሱ ነው።

ስለ ብርሃን ካነሳን፣ ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ የታደለች ከተማ ናት። ጣና ከከተማዋ በስተሰሜን ነው። ፊትህን ወደ ውሃው አዙረህ ከቆምክ የጠዋት ፀሐይ በቀኝህ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ትመጣለች። የቡችላው ፀጉር ዳር ዳሩን ይበራል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ነገር ይበላሻል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ፀሐዩ ጠንካራ ነው፣ ጥላውም ጥቁር።

ከቡችሎቹ አንዱ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው። ከኋላው የሚያብረቀርቅ ውሃ ሲኖር ካሜራው በውሃው ይታለልና ቡችላው ዓይን የሌለው ጥላ ሆኖ ይቀራል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ ከፍ ሳደርግ ደግሞ ውሃው ነጭ ወረቀት ይሆናል። ያዳነችን የአክስቴ ልጅ ናት። ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሳ ስትመለስ በእኛ በኩል አለፈች። ነጠላዋን ከፀሐዩ ትይዩ ወጥራ ብትይዝልን ብርሃኑ ወደ ቡችላው ፊት ይመለስ ነበር። ጠየቅኳት።

«በቤተ ክርስቲያን ነጠላዬ? ለውሻ?»

ልክ ናት፣ አልተከራከርኩም። ጥቂት ቆማ አየችን። ከዚያ ራሷ ቀረብ ብላ «ፎቶው ላይ እንዳታወጣኝ» ብላ ወጠረችው። በጥቁሩ ፊት ላይ ሁለት ዓይን በራ! ወዲያው ተንደርድሮ የነጠላውን ጫፍ ነክሶ መጎተት ጀመረ። እሷ ስትጮህ፣ ባጃጁ ሰውዬ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲስቅ፣ እኔ ጣቴን ከካሜራው አላነሳሁም።

እንተያያለን በበኩሏ ሥጋ ቤት የተለመነ ጥሬ አጥንት ይዛለች። በጥቅምት አንድ አጥንት ሲባል ለሰው ነበር፣ ግን ለአራስም ይሆናል። አሥር ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ ያጸዳሉ። የደንገል ታንኳዎቻቸው ውሃው እንዲወርድላቸው ተገትረው ይደርቃሉ፤ ቡችሎቹ ከሥራቸው ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ፔሊካን ሲጠጋ ግን ሁሉም ወደ እናት።

የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ትላቸዋለህ?» ውሻ ፎቶ የሚነሳው ለሽያጭ፣ ቴሌግራም ላይ ለመለጠፍ ነው ብሎ ያስባል። በሰፈራችን ውሻ ማለት ቀን የሚታሰር፣ ማታ የሚለቀቅ ዘበኛ ነው። ፊቱን ልብ ብሎ የሚያየው የለም። ቢሆንም ጥያቄው አያስከፋኝም፤ ወሬ ይከፍታል። አንዱ አጥማጅ «ያ ጥቁሩ አስቸጋሪ ነው፣ ትናንት ዓሣዬን ይዞ ሮጠ» ብሎ ስለ ባሕሪው ካወራን በኋላ ሲሮጥ ጠብቄ አነሳሁት።

ከሐኪሟ ጋር የማንስማማው ማታ ፎቶ ስንመርጥ ነው። እሷ የሰው እጅ፣ እግር፣ የነጠላ ጫፍ የገባበትን ቁረጠው ትላለች። ቡችላው ብቻውን ያምራል ባይ ናት። ንጹሕ መሆኑን አልክድም። እኔ ግን እጁን ስቆርጠው ቡችላው ምን እያየ እንደተደሰተ ይጠፋብኛል። ጅራቱ የተቆላው ለፌስታሉ ነው፣ ለነጠላው ነው፣ ለዚያ ውሸታም በግ ነው። የአክስቴ ልጅ ፊት እንዳይታይ ቃል ገብቻለሁ፤ ጣቶቿ ግን አሉ።

ባለፈው እሁድ የታጠቡትን ፎቶዎች ለጋሼ ወሰድኩላቸው። አንድ በአንድ አዩ። ጥቁሩን ፈገግ ብለው አለፉት። አንዱን ብቻ አስቀሩ፤ እንተያያለን ፔሊካኑ ላይ ጥርሷን ያሳየችበትን፣ የተንቀጠቀጠና ግማሹ የደበዘዘ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥሩ አልወጣም» አልኳቸው።

«ለእኔ ወጥቷል» አሉ። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ሊለጥፉት ነው።