ዓሣ የሌለበት ዓሣ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ የቶኪዮ ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። እግሬ በቀጥታ ወደ አዛቡ ጁባን ሰፈር ወሰደኝና እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1909 የተከፈተው ናኒዋያ የተባለ ኬክ ቤት ደጃፍ ላይ ተሰለፍኩ። የመጣሁት ለታያኪ ነው፤ በዓሣ ቅርጽ ለሚጋገረው ጣፋጭ ኬክ።

ጋጋሪው ረጅም እጀታ ባለው የብረት ቅርጽ ውስጥ ሊጡን ያፈሳል፤ በስኳር የተቀቀለ ቀይ አዙኪ ባቄላ ይጨምርበታል፤ ይከድነውና እሳቱ ላይ ያገላብጠዋል። ብዙ ቤቶች በአንድ ጊዜ ብዙ ዓሣ ይጋግራሉ። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ የየራሱ ብረት አለው። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን «የባሕር» ዓሣ፣ ያንኛውን ደግሞ «የእርባታ» ይሉታል። ይህን አጠራር እንዴት እንደምወደው!

ቅርጹም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። «ታይ» ውድ የበዓል ዓሣ ነው፤ ስሙም «መዴታይ» ከሚለው የደስታ ቃል ጋር ይገጥማል። እንደ እኛ ሰምና ወርቅ ማለት ነው።

በጨው ንፍሮ ላደግሁ ሰው ጣፋጭ ባቄላ መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ዛሬ ግን ቅርፊቱ ከጥርሴ ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ ትኩሱ እንፋሎት ፊቴን ሲያለብሰው፣ ሁለተኛ አዘዝኩ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ከጭራው ጀመሩ፤ እኔ ከራሱ። ተያይተን ሳቅን።