ያልፈረሙበት ዝውውር

የምሠራው ለገጣፎ ነው፤ ከአያት ባቡር ጣቢያ አልፎ፣ አንዲት የጽሕፈት፣ የኮፒና የትርጉም ቤት ውስጥ። ሰፈሩ ዲያስፖራ ስለሚበዛበት ሥራችን ከሌላው ጽሕፈት ቤት ለየት ይላል። ማመልከቻውንም ውሉንም እንደማንኛውም ሰው እንተይባለን፤ በተጨማሪ ግን ከቶሮንቶ የመጣ የግብር ደብዳቤ፣ ከስቶክሆልም የመጣ የጡረታ ቅጽ፣ ከለንደን የመጣ የመብራት ሒሳብ እያነበብን እናስረዳለን። ስለ አንዱ የለንደን የመብራት ሒሳብ ልጽፍ ነው። እንግሊዝ አገር ዘመድ ያለው ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ጊዜው ጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ለገና ከገቡት መካከል አንዲት ብዙ ዘመን ለንደን የኖሩ እናት ስልካቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ቤታቸውን የምታይላቸው የእህታቸው ልጅ የደረሱትን ደብዳቤዎች ፎቶ አንስታ በዋትስአፕ ልካላቸዋለች። በመጀመሪያው ደብዳቤ የመብራት ድርጅታቸው ስለለቀቁት ማዘኑን ገልጾ የመጨረሻ ሒሳብ እንደሚልክ ይናገራል። ሁለተኛው ራሱ ሒሳቡ ነው፤ ከታች ውል ሳያልቅ በመልቀቅዎ ተብሎ ቅጣት ተጨምሮበታል።

«ልጄ፣ እኔ መቼ ለቀቅኩ?» አሉኝ። «የጠየቀኝ ሰው የለም፣ የፈረምኩት ወረቀት የለም። አገሬ መግባቴን ጠብቀው ነው ለሌላ የሸጡኝ። ጭራሽ እኔኑ ይቀጡኝ?»

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ነገሩ ግራ ገባት። እውነቷን ነው፤ እኛ አገር መብራት የሚያቀርበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው፣ ከእሱ ወደ ማን ይኬዳል? «ታዲያ ሽቦውን ነቅለው በሌላ ቀየሩባቸው ማለት ነው?» አለች። ሽቦውን የሚነካው የለም። እንግሊዝ ውስጥ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት ኤሌክትሪክና ጋዝ የሚገዛበትን ድርጅት ራሱ ይመርጣል። መስመሩም ቆጣሪውም ባሉበት ይቀራሉ፤ የሚቀየረው ሒሳብ የሚያስከፍለው ድርጅት ነው። የሚቀየረውም በወረቀት ብቻ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ምንም ሳይሰማው ሊዛወር ይችላል። መብራቱ እንደሆነ አይጠፋም።

እናታችን መጀመሪያ የጠረጠሩት ድርጅቱ ከስሮ ይሆናል ብለው ነበር። ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የጋዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ እዚያ አገር ከ20 በላይ አቅራቢዎች ተዘግተዋል። አቅራቢ ሲዘጋ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ኦፍጌም፣ ደንበኞቹን ሳይጠይቅ ሌላ ድርጅት ይመድብላቸዋል፤ ይሄ ሕጋዊ ነው፣ ቤቱም እንዳይጨልም የተደረገ ነው። የእሳቸው ድርጅት ግን ሥራ ላይ ነበር፤ ቅጣት የሚጠይቅ ደብዳቤ መላኩ ራሱ ምስክር ነው።

ባልደረባዬ እጇ ፈጣን ነው። እኛ ይህን ስናወራ እሷ «ተጭበርብሬያለሁ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ መተየብ ጀምራለች፤ እናትየውም ያሉት ይህንኑ ነው። ቆይ አልኳት። ማጭበርበር አይኖርም ማለቴ አይደለም፤ በየበሩ እየዞሩ የሚሸጡ ሰዎች ያልተፈረመ ፊርማ ያስገቡባቸው ጉዳዮች እዚያ አገር ታይተዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እኚህ እናት ኤሌክትሪኩንም ጋዙንም የሚገዙት ከዚያው ከአንድ ድርጅት ነው፤ የተዛወረው ግን ኤሌክትሪኩ ብቻ ነው። ኮሚሽን ፈልጎ የሚያጭበረብር ሻጭ ጋዙን ለምን ይተዋል? ደግሞ አጭበርባሪ የሚል ክስ ከተጻፈ በኋላ ማስረጃ አምጡ መባል አለ፤ ለገጣፎ ተቀምጦ የለንደን ሻጭ ላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ከዝውውሩ በፊት የተላከ የቆየ ሒሳብ እንድትልክ የእህታቸውን ልጅ ጠየቅናት። እዚያ አገር በኤሌክትሪክ ሒሳብ ላይ፣ ትልቅ ኤስ ፊደል ካለበት ሣጥን አጠገብ፣ በትንንሽ ሣጥኖች የተከፋፈለ ረጅም ቁጥር አለ። ኤምፓን ይሉታል። ከታች ያሉት 13 አሃዞች የአንድ ቤት የኤሌክትሪክ መግቢያ መለያ ናቸው። ለንደን ውስጥ በ12 ይጀምራል፣ የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ የቀሩትን 12 ማረጋገጫ ናት። ቁጥሩ የቤቱ እንጂ የሰው አይደለም፤ ሰው ቤት ሲቀይር ቁጥሩ እዚያው ይቀራል። አቅራቢዎቹም ደንበኛ ሲያዛውሩ በስም አይፈልጉም፣ በዚህ ቁጥር ነው። አንድ ሠራተኛ ከአድራሻ ዝርዝር ውስጥ የጎረቤትን መስመር ከመረጠ ጎረቤት ይዛወራል። በተለይ አንድ ሕንፃ ተከፋፍሎ አፓርታማ ሲሆን፣ አንዱ መዝገብ «አፓርታማ 2» ሲል ሌላው «አንደኛ ፎቅ» ይላል፤ ስህተቱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

የእሳቸውም ቤት እንዲህ የተከፋፈለ ሕንፃ ነበር። «ከላይ አዲስ ሰው ገብቶ ይሆን እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ገብቷል። ልጅቷ ወጥታ አንኳኳች፤ ሰውየው ጨዋ ነበር፣ በገባ ሰሞን ከአንድ የመብራት ድርጅት ጋር እንደተዋዋለ ነገራትና የመጣለትን የእንኳን ደህና መጡ ደብዳቤ አሳያት። በፈቃዱ ፎቶ አንስታ ላከችልን።

ሁለቱን ወረቀቶች አትመን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አደረግናቸው። ባልደረባዬ ከቆየው ሒሳብ ላይ አንድ በአንድ ትጠራለች፣ እኔ በሰውየው ደብዳቤ ላይ በእስክሪብቶ እከተላለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዜሮ... እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ ናቸው። አድራሻው የእሱ፣ ቁጥሩ የእናታችን። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ደግመው ቆጠሩት፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ተለወጠ። «አሃ፣ የሸጠኝ የለም ማለት ነው» አሉ፤ ሲገቡ የነበረው መከፋት ከፊታቸው ላይ ሲለቅ አየሁ። ለእኔ ከገንዘቡ በላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው በዘመናት የኖረበት አገር ውስጥ ተደፈርኩ ብሎ ማሰብ ቀላል ሕመም አይደለም።

ወደ ስልኩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ። በክረምታቸው ለንደን ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እዚያ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲከፈት እኛ ጋ ስድስት ሰዓት ቀትር ይሆናል። ልጅቷ ከዚያ ደውላ መስመሩን አገናኘችን። ድርጅቱ ከሒሳቡ ባለቤት ጋር ካልሆነ አያወራም፤ እናትየው ስማቸውን፣ የልደት ቀናቸውን፣ የፖስታ ኮዳቸውን ተናግረው «ይሄ ልጅ ስለ እኔ ይናገር» ብለው ፈቀዱልኝ።

ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች፤ ያቀረበችው መፍትሔ ግን አደገኛ ነው። «ምንም ችግር የለም፣ አሁኑኑ እንደ አዲስ ደንበኛ ልመዝግባቸውና ይመለሱ» አለች። ቀላል ይመስላል። እሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በጋ ላይ፣ ዋጋው ሳይሰቀል፣ የሁለት ዓመት ቋሚ ዋጋ ውል ገብተው ነበር። እንደ አዲስ ከተመዘገቡ ያ ውል ሞተ ማለት ነው፤ በጊዜው ዋጋ ይገባሉ። ስለዚህ ጥያቄያችን ምዝገባ ሳይሆን ኢሮኒየስ ትራንስፈር ተብሎ እንዲያዝ፣ ማለትም በስህተት የተደረገ ዝውውር ሆኖ ከነበሩበት ውል፣ ከነበሩበት ቀን ጀምሮ እንዲመለሱ መሆኑን ነገርኳት። ቁጥሩን ከሁለቱም ወረቀት አነበብኩላት። ትንሽ ጠብቁኝ ብላ ሄዳ ስትመለስ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ክፍል እንደተላለፈ ነገረችን። ስሟን፣ ቀኑንና የጉዳዩን ቁጥር ጻፍን። በዚያው ዕለት ያንኑ በአጭር ኢሜይል ላክን፤ ባልደረባዬ የጻፈችው ነው፣ ቁጣ የሌለበት፣ ሁለቱ ወረቀቶች የተያያዙበት።

ደንቡ ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ጥሩ ነው። ከሁለቱ ድርጅቶች አንዱን ማናገር ይበቃል፤ ሌላኛውን የሚያናግሩት እነሱ ናቸው፣ «ወደዚያኛው ደውሉ» ብለው ሊያመላልሱ አይገባም። ዝውውሩ ስህተት መሆን አለመሆኑን በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መወሰን አለባቸው። ደንበኛው የሚከፍለው ለቀድሞው ድርጅት ብቻ ነው፣ ከድርጅቱ እንዳልወጣ ተቆጥሮ። ስምንት ሳምንት አልፎ ካልተፈታ ደግሞ ኢነርጂ ኦምቡድስማን የሚባል በነፃ የሚዳኝ አካል አለ። ይህን ሁሉ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ እኔ በሌለሁበት ቢደወልላቸው ምን እንደሚሉ እንዲያውቁ።

መልሱን እየጠበቅን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 ኦፍጌም አዲሱን የዋጋ ጣሪያ አስታወቀ። አማካይ ፍጆታ ላለው ቤት በዓመት ከ1,277 ፓውንድ ወደ 1,971 ፓውንድ፣ ከኤፕሪል ጀምሮ። እናትየው ዜናውን ሰምተው መጡና «ያቺ ልጅ እንዳለችው ተመዝግቤ ቢሆን ኖሮ?» አሉኝ። መልሱን እሳቸውም ያውቁታል።

ወደ ለንደን ሊመለሱ ሲሰናዱ ደብዳቤው መጣ። ዝውውሩ ስህተት መሆኑ ታምኗል፣ ኤሌክትሪካቸው ወደ ቀድሞው ውል በቀድሞው ዋጋ ተመልሷል፣ የመልቀቂያ ቅጣቱ ተሰርዟል። በደንቡ መሠረት 30 ፓውንድ ካሳም ተከፍሏቸዋል። የላይኛው ጎረቤትም በትክክለኛው ቁጥሩ ተመዝግቧል፤ እሱም ሳያውቀው የሰው ቤት መብራት ሊከፍል ነበር።

አሁን ባልደረባዬ ከውጭ አገር የመጣ የሒሳብ ቅሬታ ይዞ የሚገባ ሰው ስታይ ኪቦርዱን አትነካም። «ችግሩ ከመድረሱ በፊት የመጣልዎት ወረቀት አለ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ከሌለ ዘመድ እስኪልክላቸው ትጠብቃለች፤ ከዚያ እኔን ጠርታ ቁጥሩን ጮክ ብላ ማንበብ ትጀምራለች።