ከጅማ ለሚነሳ ፓይለት፦ ክትባቱን ከበረራው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ቢጫ ወባ በስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ወባ» ስለተባለ የወባ ክኒን የሚከላከለው የሚመስለው አለ፤ አይከላከልም። ይኼ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ መከላከያው ክትባቱ ነው። ለእኛም ሩቅ አገር በሽታ አይደለም፦ ጊቤ ወርዶ ኦሞ በሚባልበት ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 የተነሳው ወረርሽኝ ወደ 30,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ከኢትዮጵያ የሚገባውን ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ሕንድ ካርድ የሌለውን እስከ 6 ቀን ለይታ ታቆያለች።

መርፌው አንድ ነው፣ 0.5 ሚሊ ሊትር። ካርዱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ወዲህ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ «10 ዓመት» የሚለው የድሮ ካርድም ጭምር። ብልቃጡ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ አንዳንድ ጤና ተቋም ተከታቢ ሰብስቦ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ ሳትደውሉ አትሂዱ።

ካርዱን ከወንበሩ ሳትነሱ አንብቡት። እኛ አገር ትልቁ ስሕተት ቀኑ ላይ ነው። መስከረም 5 ቀን 2018 የተከተበ ሰው ካርዱ ላይ «5/1/2018» ከተጻፈለት፣ የውጭ መርማሪ ጃንዋሪ 5 ብሎ ያነበዋል፤ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። የክትባቱ ባች (የምርት) ቁጥር ከዚያ ቀን ጋር አይገጥምምና ካርዱ ሐሰተኛ ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ወሩ በፊደል ይጻፍ፦ 15 ሴፕቴምበር 2025። ስማችሁ እንደ ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል፣ ከዚያ የባለሙያው ፊርማና ማኅተም።

ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ያለበት ስለሆነ ከኩፍኝ ክትባት ጋር ወይ በአንድ ቀን ይሰጣል፣ ወይ 4 ሳምንት ይራራቃል። እንቁላል የማይስማማው፣ የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ወይም 60 ዓመት የሞላው ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ሄፓታይተስ ቢ ነው፦ ሦስት መርፌ፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ሥልጠና ሳትጨርሱ ጀምሩት። ሄፓታይተስ ኤ ሁለት መርፌ ነው፣ በ6 ወር ልዩነት። የታይፎይዱ አንድ መርፌ ከጉዞ 2 ሳምንት በፊት ይወሰዳል። የመንጋጋ ቆልፍ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። ሳዑዲ ለሐጅና ለዑምራ የምትጠይቀው የማጅራት ገትር ክትባት ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ሑጃጅ ለሚያመላልስ ፓይለትም አጥብቀን እንመክራለን።

በተከተባችሁ ማግስት በረራ አትያዙ። በብዙ ክትባቶች ትኩሳትና የክንድ ሕመም የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ከኮቪድ ክትባት በኋላ 48 ሰዓት እንዲጠበቅ ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለተራው ወባ ክኒን ስትጠይቁ ፓይለት መሆናችሁን ተናገሩ። ሜፍሎኩዊን የሚባለው ክኒን ያዞራል፣ አእምሮም ያውካል፤ ለአብራሪ አይፈቀድም። አቶቫኩኦን ከፕሮጓኒል ጋር ይሻላል፦ ከጉዞው ከ1 እስከ 2 ቀን ቀድሞ ይጀመራል፣ ከተመለሱ በኋላም 7 ቀን ይቀጥላል። የመጀመሪያውን ክኒን በእረፍት ቀናችሁ፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ዋጡት።