ዜድን ከኤፍ አታውጡ፣ በተለይ አዲስ አበባ ላይ

ለማስተርስ ጽሑፌ የአዲስ አበባን የመግነጢሳዊ መስክ ዳታ አውርጄ ቁጭ አልኩ። ፋይሉ የሚሰጠው ኤክስን፣ ዋይንና ዜድን ነው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምስራቅና ወደ ታች ማለት ነው። እኔ የፈለግኩት ግን ኤችን፣ የአግድሙን ጥንካሬ ነበር፤ ምክንያቱም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን የሚፈሰው ኤሌክትሮጄት የሚባል የኤሌክትሪክ ጅረት በደንብ የሚታየው እሱ ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ኤክስንና ዋይን ለየብቻ ስኩዌር አድርጎ መደመር፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ማውጣት። ግራፉን ሳወጣው ግን 36,000 ናኖቴስላ (የመስኩ ጥንካሬ መለኪያ) አካባቢ መሆን የነበረበት መስመር በየቦታው 141,420 ላይ ይሰቀላል። የመግነጢስ ማዕበል ነው ብዬ ቀኖቹን ሁሉ ፈተሽኩ። ለካ ፋይሉ ልኬት የጎደለበትን ደቂቃ 99999 ብሎ ነው የሚሞላው፤ የኔ ኮድ እሱን እንደ እውነተኛ ቁጥር ወስዶ አስልቶታል! አሁን ከምንም ነገር በፊት እነዚያን አወጣለሁ።

ሌላው ፋይል በኤች፣ በዲና በዜድ የተጻፈ ነበር። ዲ መስኩ ከእውነተኛው ሰሜን የሚያዘነብልበት ማዕዘን ነው፤ 150 ይላል። ዲግሪ መስሎኝ ኮሳይን ውስጥ ስከተው ኤክስ ከዜሮ በታች 31,177 ሆነ፤ መስኩ ወደ ደቡብ ዞረ ማለት ነው። 150 ግን የማዕዘን ደቂቃ ነው፣ ማለትም 2.5 ዲግሪ። ለ60 ማካፈል፣ ከዚያ ወደ ራዲያን መቀየር፣ ያኔ ኤክስ 35,966 ይመጣል።

ብዙ ቀን የበላኝ ግን ዜድ ነው። የአንድ ወር ዜድ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ጠቅላላው ጥንካሬ ኤፍና ኤች ስላሉኝ፣ ኤፍ ስኩዌር ሲቀነስ ኤች ስኩዌር አድርጌ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ወስጄ ላወጣው አሰብኩ። ቀመሩ ልክ ነው። ቦታው ነው የማይፈቅደው። አዲስ አበባ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች መስኩ መሬት ላይ የተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ኤፍና ኤች እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራቸው። እስቲ አስሉት። ኤች 36,000፣ ኤፍ 36,010 ከሆነ ዜድ 849 ነው። ኤፍን በ1 ናኖቴስላ ብቻ ብትስቱ፣ 36,011 ብትሉ፣ ዜድ 890 ይሆናል። የ1 ስህተት ወደ 41 አደገ! በዚያ ላይ ስኩዌር ሩት ምልክቱን ያጠፋዋል፤ ዜድ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አታውቁም። ወሩን ባዶ ተውኩት፣ ጽሑፉም ላይ ባዶ መሆኑን ጻፍኩ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። ፋይሉ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ የፋይሉ 9 ሰዓት የእኛ የቀኑ 6 ሰዓት ነው። ሁሉንም አስተካክዬ አንዱን ጸጥ ያለ ቀን እንደገና ስስለው፣ ሌሊቱን ጠፍጣፋ የነበረው ኤች ከጠዋት ጀምሮ ከፍ ከፍ ብሎ ልክ እኩለ ቀን ገደማ ጉብታውን ሠራ። ያንን ግራፍ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።