ብቻዬን መኖር ስጀምር፦ የድሬ ውሃ ያስተማረኝ

ከቤተሰብ ለሚወጣ ወጣት ሰው ሁሉ የሚመክረው ስለ ገንዘብ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን መጀመሪያ መልመድ ያለብህ ውሃውን ነው። ልብሱም፣ ወጡም፣ ጤናውም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። («አንተ» እያልኩ የምጽፈው በድሬ ወግ ነው፤ አንቱታ እዚህ ብዙም አልተለመደም። ምክሩ ለሴቶቹም ያው ነው።)

ክፍል ስከራይ ከአልጋ ቀጥሎ የገዛሁት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ክዳን ያለው በርሜል ነው። አንዱ ጀሪካን ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ነው፤ እንዳይምታታ አንገቱ ላይ ክር አስሬበታለሁ። መስኮት ስር የተቀመጠ ጀሪካን ውስጡ አረንጓዴ ያበቅላል፤ ብርሃን ነው የሚያመጣው። እጅ ስለማይገባበት አንድ እፍኝ የታጠበ ጠጠር ከጥቂት ውሃና ዱቄት ሳሙና ጋር ከተህ፣ ክዳኑን አጥብቀህ፣ ለ2 ደቂቃ ያህል በደንብ ነቅንቀው። ከዚያ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው።

በርሜሉ ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጌ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉኒያ የሚባሉ የትኩሳት በሽታዎች ድሬን ያመሷት፣ የምታስተላልፋቸው ቀን ቀን የምትናደፈው ቢንቢ በተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ስለምትራባ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ እንቁላሉ በደረቁ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። በሳምንት አንድ ጊዜ ግድግዳውን በብሩሽ ፍቀው። ክዳኑ ገጥሞ የማይዘጋ ከሆነ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ከላዩ ዘርግተህ በላስቲክ እሰረው።

የሚጠጣውን አፈላለሁ። የድሬ ከፍታ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል።

ልብስ ላይ የድሬ ውሃ ጸባይ በደንብ ይታያል። ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ውሃ ስለሆነ የደረቅ ሳሙና አረፋ ቶሎ አይነሳም፤ ሳሙናው ካልሲየም ከሚባለው የኖራው ማዕድን ጋር ተጣብቆ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል። ያ ዝቃጭ ነው ነጭ ሸሚዝን አመድ የሚያስመስለው። ሰው ግን አልጸዳም ብሎ ሳሙና ይጨምራል፣ ይብስበታል። ዱቄት ሳሙና እንዲህ ባለ ውሃ ይሻላል። በመጨረሻው ማለቅለቂያ አንድ ሳፋ ውሃ ላይ የአንድ ሎሚ ጭማቂ አድርግ፣ የቀረውን ያላቅቀዋል። ባለቀለሙን ገልብጠህ ጥላ ውስጥ አስጣ፤ የድሬ ፀሐይ ቀለም ትበላለች።

አሁን ወደ ድስቱ። አተር ክክ አልበስል ሲል ሰው «አሮጌ ክክ ሸጠልኝ» ብሎ ባለሱቁን ያማል። አሮጌ ክክ በእርግጥ ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የውሃው ነው። ካልሲየሙ እህሉን አጣብቆ ከያዘው ፔክቲን ጋር ይጣመርና ያጠነክረዋል፤ ክኩ ሲፈላ ቢውል መሀሉ ጥሬ ነው። መላው እንዲህ ነው፦ ከሰዓት በኋላ 2 ሊትር ውሃ ለ5 ደቂቃ አፍልተህ አቀዝቅዘው። ኖራው ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ሳታናውጥ የላዩን ብቻ ቅዳና መዘፍዘፊያም መቀቀያም አድርገው። ለአተር ክክ 2 ሰዓት መዘፍዘፍ ይበቃል። ሽምብራ ሌሊቱን ይደር፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ግን ተዘፍዝፎ ከ8 ሰዓት በላይ ከቆየ አረፋ ይዞ ይኮመጥጣል። ቲማቲም የሚገባው እህሉ ከለሰለሰ በኋላ ነው፤ ኮምጣጣ ነገርም እንደ ኖራው ያጠነክራል። የመጋገሪያ ሶዳ የሚጨምሩ አሉ፤ ያፋጥናል፣ ነገር ግን ለአንድ ድስት ከሩብ የሻይ ማንኪያ ከበለጠ ወጡ ሳሙና ሳሙና ይላል። እኔ አልወደውም።

ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት በቢላ አትፋቅ። ግማሽ ድረስ ውሃ ሙላ፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ ጨምረህ አፍላና 1 ሰዓት ተወው፤ በራሱ ይለቃል። ከፊራ ገበያ ሎሚ አይጠፋም።

ሽሮ ላይ አዲስ ሰው የሚሳሳተው ዱቄቱን በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ሲበትን ነው፤ ላዩ ወዲያው ይበስልና ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓጓላ ይሆናል። ለአንድ ሰው 1 መካከለኛ ሽንኩርት በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላላ፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ለካና ከሱ አንድ ብርጭቆ በቀዝቃዛው አስቀር። የቀረውን ድስቱ ላይ አፍላ። 5 የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በብርጭቆው ውሃ በጥብጠህ እያማሰልክ ጨምር። ከዚያ በትንሽ እሳት 20 ደቂቃ። ቶሎ ካወጣኸው ጥሬ ጥሬ ይላል። እዚህ ሙቀት ላይ የምሳውን ሽሮ ማታ ለመብላት አትቋምጥ፤ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን የበሰለ ምግብ ውጭ ከ1 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይሻላል። የኮመጠጠውን ደግሞ ማፍላት አያድነውም፣ ባክቴሪያው የለቀቀው መርዝ እሳት ላይ የሚቀር አለና። በልክ ስራ።

የኤሌክትሪክ ምድጃህን በቀጭን ሽቦ ማከፋፈያ ላይ አትሰካ፤ ሽቦው ይግላል፣ ይቀልጣል። የመብራት ቆጣሪ ካርድህን ደግሞ ሒሳቡ ሳያልቅ ሙላው።

እንጀራስ? ትኩሱን በፌስታል ከቋጠርከው ላቡ ተመልሶ ይወርድበትና በማግስቱ ይሻግታል። አብርደህ፣ በደረቅ ንጹህ ጨርቅ ጠቅልለህ ጥላ ያለበት ጥግ አኑረው። ለሁለት ቀን የሚበቃህን ብቻ ግዛ።