ርክክብ ያልወደዱት የግምጃ ቤት ኃላፊ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሰው ሀብት አስተዳደር ስሠራ፣ ከንብረት ክፍል የዲሲፕሊን ክስ ጥያቄ ቀረበልኝ። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ በምትካቸው ለተመደበችው ወጣት ቁልፉን ይቅርና የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብባቸውን ቢን ካርዶች እንኳ ለማሳየት ፈቃደኛ አልሆኑም ነበር።

ክሱን ከማዘጋጀቴ በፊት ወርጄ አነጋገርኋቸው። ያለፉትን ዓመታት ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) በየዓመቱ ለይተው፣ ጀርባቸውን በወፍራም ክር ሰፍተው፣ በየጥራዙ ላይ የጎደለውን ቅጠል ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ጽፈዋል። «ልጄ፣ እኔ የወጣሁ ዕለት ይህ ሁሉ ወረቀት ይጣላል» አሉኝ።

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃዎች ከፍሎ ሲያቀርብ፣ ከ40 እስከ 65 ዓመት ገደማ ያለውን ሰባተኛውን ደረጃ ለመጪው ትውልድ አንድ ነገር በማበርከትና ባሉበት ደርቆ በመቅረት መካከል የሚደረግ ትግል አድርጎ ያየዋል። የእኛ የጡረታ ሕግ መውጫውን በ60 ዓመት ስለሚወስን፣ ብዙ ሠራተኛ የሚሰናበተው ይህ ትግል ሳይቋጭ ነው። እኔ በጋሼ ላይ ያየሁት እልኸኝነት ሳይሆን ይህንኑ ነው፤ «አስረክብ» የሚለው ደብዳቤ የጠየቃቸው ቁልፍና ሰነድ ብቻ ነበርና፣ ስለሚያውቁት የጠየቃቸው አልነበረም። ወጣቷም ብትሆን በመጀመሪያ ሥራዋ «አልችልም ይሆን?» የሚል ስጋት ይዟት ነበር፤ ኤሪክሰን ይህን የትጋትና የበታችነት ጥያቄ በትምህርት ቤት ዕድሜ ላይ ቢያስቀምጠውም፣ ያለፈ ደረጃ ጥያቄ በኋላም ተመልሶ እንደሚነሣ እርሱ ራሱ ያምን ነበር።

ስለዚህ ክሱ ቀርቶ ጋሼ እስከ መውጫቸው ድረስ የግምጃ ቤት አሠልጣኝ ሆነው በደብዳቤ እንዲመደቡ፣ የአሠራር መመሪያውንም እርሳቸው እየተናገሩ ወጣቷ እንድትጽፈው ሐሳብ አቀረብሁ። አለቃቸው ጊዜ ማባከን ነው ብለው ቢከራከሩም ኋላ ፈረሙ። ጋሼ በማግሥቱ ካርዶቹን አወጡላት። በሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ ቆጠራ በመዝገቡና በመደርደሪያው መካከል ልዩነት ሲገኝ፣ ወጣቷ ማንንም ሳትጠይቅ ያልተመዘገበውን ወጪ ከተሰፉት ጥራዞች ውስጥ ፈልጋ አገኘችው።