ሁጎ ላይ ድምፅ ልሰጥ ብዬ ሁለት ሰው ሆንኩ

ሁጎ ዳኛ የለውም። በፈረንጆቹ ከ1953 ጀምሮ ያለ የሳይንሳዊ ልብወለድና የፋንታሲ ሽልማት ነው፣ ዋንጫው ሮኬት፤ አሸናፊውን የሚመርጠው ግን አንባቢው ነው። 50 ዶላር አካባቢ ከፍላችሁ ወርልድኮን የሚባለው ዓመታዊ የሳይንሳዊ ልብወለድ ጉባኤ አባል ከሆናችሁ፣ ጉባኤው ላይ ባትገኙም ድምፅ አላችሁ። ይሄን ሳላውቅ ስንት ዓመት ከዳር ሆኜ አጉረመረምኩ!

መመዝገቡ አምስት ደቂቃ ነው። ዕጩ ለመጠቆም እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ አባል መሆን ነበረብኝ፣ አልደረስኩም። እሱ ይቅር።

ጉዱ የፈላው ስሜ ላይ ነው። አካውንት ስከፍት የአባቴን ስም ጻፍኩ፣ ሁሌም የምጠራው በሱ ነዋ። ስከፍል ግን ካርዴ ላይ ያለው የአያቴ ስም ነው (ግሪን ካርዱ ላይ እንደዛ ገብቶ ቀረ)፣ እንዳይመልሰኝ ፈርቼ በዛው ሞላሁት። ኢሜይሉንም የሥራዬን አደረግኩ፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። መዝገቡ ላይ ሁለት ሴቶች ሆንን፤ አንዷ ከፍላለች፣ ሌላዋ የድምፅ መስጫውን ሊንክ ትጠብቃለች።

ድምፅ መስጫው ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለአዘጋጆቹ ጻፍኩላቸው። በነጋታው መልስ መጣ፦ «የቤተሰብ ስምዎ የትኛው ነው?» የለኝም ብዬ ባቆም ምን ነበረበት! እኛ ሀበሾች የቤተሰብ ስም የለንም፣ የምንጠራው በአባት ነው፣ አባቴም በአባቱ... ሦስት አንቀጽ። ለበጎ ፈቃደኛ! መልሱ አንድ መስመር ነው፦ «እናመሰግናለን። ከሁለቱ የቱን እናጥፋ?»

የአያቴን አልኩ። የከፈለችው እሷ ነበረች።

በነሱ አልፈርድም። በ2024 ግላስጎው ላይ በተደረገው ወርልድኮን 377 ድምፅ ተሰርዟል፤ ድምፃቸው ከተሰረዘው መራጮች የአንዳንዶቹ ስም ሲተረጎም ተከታታይ ቁጥር ነበር። ከዛ በኋላ ባለ ሁለት ስም ሴት ብትጠረጠር ምን ይገርማል? ደረሰኝ ልኬ፣ ለምኜ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ተከፈተልኝ።

በሦስት ቀን ያነበብኩት ስድስቱን አጭር ልብወለድ ብቻ ነው። ረጅሙን ሳላነብ አልነካሁም፣ እናንተም አትንኩ። ደግሞ «ለማንም አይሰጥ» የሚል ምርጫ አለ። ከሱ በታች ደረጃ መስጠት ይቻላል ይላሉ፤ እኔ ግን ባዶ ተዉት ነው የምለው። የጠላችሁትን ሥራ እዛ ታች ብትጽፉትም፣ ከላዩ ያስቀመጣችኋቸው ከውድድሩ ሲወጡ ድምፃችሁ ዞሮ ሊረዳው ይችላል።

አንደኛ ያልኩት አላሸነፈም።

ያለፈው ዓመት አባል በቀጣዩም ዓመት ዕጩ መጠቆም ይችላል። ጥሪው ባለፈው ደረሰኝ። ለሁለታችንም።